ሰፈራቸውን የሚያድኑ ልጆች፦ በአንድ ስልክና በወረቀት የቤተሰብ አኒሜሽን አሠራር፣ ከደሴ

ደሴ ቁልቁለት ናት። ከጦሳ ተራራ ሥር ጀምሮ እስከ ቦርከና ወንዝ ድረስ ውሃ የሚያርፍበት ሜዳ የላትም፤ ሐምሌ ላይ አንድ ሰዓት የጣለ ዝናብ መንገዱን ወንዝ ያደርገዋል። የእኛ ሰፈር ቱቦ በየክረምቱ ይደፈናል፤ ውሃው መንገዱን ሲያጣ ወደ ግቢ ይዞራል፣ ፍራሽ ይወጣል፣ ልጆች አልጋ ላይ ተሰቅለው ያድራሉ።

ከዚሁ ሰፈር ልጆች ጋር ሁለት አጫጭር የአኒሜሽን ፊልሞች ሠርተናል። በመጀመሪያው ሰፈሩን ሊውጥ የመጣ ዘንዶ ነበር፤ ልጆቹ በአስማት ብርሃን አሸነፉት። ተጨበጨበ፣ ሁሉም ወደ ቤቱ ሄደ፣ በማግስቱ ስለ ፊልሙ የሚያወራ ሰው አልነበረም። ሁለተኛው ስለ ቱቦው ነው። እሱን ስናሳይ አንዲት እናት ገና ከመሃሉ ብድግ ብለው «ይኼማ የኔ በር ነው!» አሉ፤ ከዚያ በኋላ ድንኳኑን ዝም ማሰኘት አልተቻለም። ልዩነቱ የስዕል ጥራት አልነበረም፤ እንዲያውም የዘንዶው ስዕል ይበልጥ ያምር ነበር። ልጆች ሰፈር የሚያድኑበት ፊልም የሚሠራው ሰፈሩ እውነተኛ ሲሆን፣ መዳኛውም የልጅ እጅና አንደበት የሚደርስበት ሲሆን ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሁለት ደቂቃ ተኩል ፊልም በዚያ መንገድ ለመሥራት ነው።

ቀኑን ከመጨረሻው ቁጠሩ

ፊልሙ ግንቦት ማለቂያ ላይ ለሰፈሩ መታየት አለበት። ሰኔ ቱቦ የሚጠረግበት ወር ነው፤ ሐምሌ ከገባ በኋላ ወደ ቱቦ የሚጠጋ ሰው መኖር የለበትም። ስለዚህ ከጥምቀት ማግስት ጀምሩ። እኛ ወሎዎች ደግሞ በልግ አለን። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ድረስ የሚጥለው ዝናብ ለገበሬው እህል ነው፣ ለፊልሙ ግን ጥናት ነው፤ ውሃው የት እንደሚታጠፍ፣ የት እንደሚቆም፣ በማን በር እንደሚገባ ከክረምቱ በፊት በትንሹ ያሳያል።

ከስድስት እስከ ስምንት ልጅ ይበቃል፤ ዕድሜያቸው ከ8 እስከ 13 ቢሆን ጥሩ ነው። ሰዓቱን ስትመርጡ ቁርዓን የሚቀራውንም፣ ቅዳሴ የሚያስቀድሰውንም አስቡ። እኛ ቅዳሜ ከ9 እስከ 11 ሰዓት አደረግነውና ለሁሉም ቤት ተስማማ። ከሁለት ሰዓት በላይ አታስቀምጧቸው። ደክሞት የሚያንቀሳቅስ ልጅ ወረቀቱን ይቀድደዋል፣ ያኔ ጠቡ ይመጣል።

ከመጀመሪያው ቅዳሜ በፊት ወደየቤቱ ሄዳችሁ ወላጆችን አነጋግሩ። የልጃቸው ድምፅ እንደሚቀዳ፣ ፊልሙ በሰፈር ብቻ ይታይ ወይም በቴሌግራም ይለቀቅ የሚለውን እነሱ እንደሚወስኑ በግልጽ ንገሯቸው።

በመጀመሪያው ቅዳሜ እርሳስ አይነካም

መጀመሪያ በእግር ሂዱ። ዝናብ በሌለበት ቀን፣ ሁለት አዋቂ ይዛችሁ፣ ቱቦውን ከላይ እስከ ታች ተከተሉት። ልጆቹ ሦስት ጥያቄ ይያዙ፦ ውሃው ከየት ይመጣል? የት ይቆማል? ከእኛ በኋላ የት ይሄዳል? የሚደፍነውን ነገር በደብተር እየጻፉ ይቁጠሩት። የእኛ ዝርዝር ላይ ፌስታል፣ ሃይላንድ፣ የጫት ገረባ፣ ከግንባታ የተረፈ አሸዋ፣ የተቀደደ ጫማና አንድ የሕፃን አልጋ እግር ነበሩ። የአልጋው እግር ፊልሙ ውስጥ ገብቷል፤ እንዲህ ያለውን ነገር ቤት ተቀምጦ የሚያስብ ደራሲ የለም።

በጣም የሚደፈነውን ቦታ ምረጡና ፎቶ አንሱ። የቆማችሁበትን ቦታ በድንጋይ ወይም በቀለም ምልክት አድርጉበት። ያ ምልክት እስከ መጨረሻው ያስፈልጋችኋል።

ከሰዓት በኋላ ወደ ቡና ሂዱ። አቦሉ ሲጠጣ ሰው የቤቱን ወሬ ያወራል፤ ቶናው ላይ ሲደርስ የጥንቱን ይጀምራል። አንዷ ልጃችን «እማማ፣ ዱሮ እዚህ ቱቦው ጋ ምን ነበር?» ብላ አያቷን ጠየቀች። «ጅረት ነበር እንጂ ልጄ፤ ልብስ እናጥብበት ነበር። ኋላ ቤት ተሠራበት» አሏት። ልጆቹ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ቱቦ የሚሉት ነገር ስም የነበረው ውሃ መሆኑን አላወቁም ነበር። የፊልማችን መክፈቻ ያ ሆነ፤ እማማ በልጅነታቸው ጅረቱ ዳር ሲያጥቡ።

ሦስተኛው ጥያቄ፣ ውሃው ከእኛ በኋላ የት ይሄዳል የሚለው፣ ታሪኩን ሁሉ ቀየረው። የደሴ ጎርፍ ወደ ቦርከና ይገባል፤ ቦርከና ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ያመራል። በመንገድ 25 ኪሎ ሜትር በማይሞላው ርቀት ውሃው 600 ሜትር ያህል ቁልቁል ይሄዳል። ይህን ካርታ ላይ ሳሳያቸው አንዱ ልጅ «እኛ የለቀቅነው ፌስታል ኮምቦልቻ ላይ የሌላ ሰው ቱቦ ይደፍናላ!» አለ። ይህን አስተያየት እኔ አላስተማርኩትም።

ታሪኩ፦ ልጅ ምን ይችላል?

እዚህ ላይ አትቸኩሉ፤ ሦስት ቅዳሜ ቢወስድ አይብዛባችሁ። መጀመሪያ አደጋዎቹን ለየብቻ መዝናችሁ አንዱን ምረጡ። የመሬት መንሸራተት ደሴን በደንብ የሚያውቃት አደጋ ነው፤ ግን ልጅ ተራራ አያቆምም። ስለ እሱ የሚሠራ ፊልም ምልክቱን አይቶ ስለመሸሽ እንጂ ስለማዳን ሊሆን አይችልም። የተደፈነ ቱቦ ግን ልጅ ሊያየው፣ ሊቆጥረው፣ ሊናገርለት ይችላል። እናንተ ጋ ችግሩ የተቆረጠ ዛፍ፣ የደረቀ ምንጭ ወይም የመጫወቻ ሜዳ ሊሆን ይችላል፤ መመዘኛው ያው ነው።

ጦርነት የሚያመጡ ልጆችም አሉ። በ2014 ከተማዋ ያየችውን ያዩ ናቸው፤ ሰፈር ማዳን ሲባሉ ጠመንጃ ይስላሉ። አትቆጧቸው፣ ስዕሉንም አትቅደዱባቸው። አጠገባቸው ተቀምጣችሁ ስለ ስዕሉ የሚነግሯችሁን ስሙ፤ ለወላጅም በቀስታ ንገሩ። ፊልሙ ውስጥ ግን አናስገባው። ያ ሐዘን የሁለት ደቂቃ ጨዋታ ማጣፈጫ ሊሆን አይገባም።

ሁለት ዋና ልጆች ይበቃሉ። የእኛዎቹ ጦይባና ተመስገን ናቸው፣ የአንድ ግቢ ልጆች። በወሎ ቤት አንዱ አጎት ሼኽ፣ ሌላው ቄስ ቢሆን የሚደነቅ የለም፤ ፊልሙም አያብራራው፣ እንደ ኑሯችን እንዲሁ ይኑር።

ልጆች ክፉ ሰው ይፈልጋሉ። የእኛዎቹ የላይ ሰፈር ልጆችን ክፉ አደረጓቸው፦ ቆሻሻ የሚጥሉብን እነሱ ናቸው። ይህ ከታየ በማግስቱ ድንጋይ ውርወራ ነው። «እሺ፣ ጦይባና ተመስገን ሊጣሏቸው ይሂዱ፤ ሲደርሱ ምን ያያሉ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ተከራከሩ። በመጨረሻ ያመጡት መልስ ይህ ነው፦ የላይ ሰፈር ልጆችም ውሃ ከቤታቸው በጣሳ እየቀዱ ሲያወጡ ያገኟቸዋል፤ የእነሱንም ቱቦ ከእነሱ በላይ ያለው ሰፈር ደፍኖባቸዋል። ከዚያ ወዲያ ክፉ ሰው አላስፈለገንም። የናንተ ልጆች ክፉ ሰው ሲያመጡ አትከልክሏቸው፤ በሩ ድረስ ሄደው እንዲያንኳኩ ብቻ አድርጓቸው።

ቀጥሎ አዋቂዎቹ የሚገቡበትን በር ፈልጉ። ልጅ ብቻውን ቱቦ ቆፍሮ ሰፈር አዳነ ቢባል ማንም አያምንም፣ ልጅም አያምንም። ለእኛ በሩ ቅሬ ነው፤ ሌላው አገር ዕድር የሚለው። ቅሬው አካፋና ዶማ አለው፣ ሰው ይጠራል፣ ሲጠራም ይመጣል። የፊልማችን ልብ ያለው እዚህ ላይ ነው። ጦይባ ወደ ቅሬው ዳኛ፣ ማለትም ወደ መሪው፣ ሄዳ አካፋና ዶማ ትለምናለች።

«ልጄ፣ የቅሬ ዕቃ ለቀብር ነው የሚወጣ።»
«አባባ፣ እንግዲያው ሰው ሳይሞት አንዴ ያውጡልን።»

ይህን የጻፈችው የአሥር ዓመት ልጅ ናት። ስትጽፈው ቀና ብላ እንኳ አላየችንም። እኔ ብዙ ጊዜ ለውይይት የሚያማምሩ ንግግሮችን አዘጋጅቼ መጥቼ ነበር፤ ሁሉንም ወደ ኪሴ መለስኳቸው። ልጆቹ እንዲጽፉ ጊዜ ስጧቸው የምለው ለዚህ ነው።

አንድ ነገር ላይ ግን ጥብቅ ሁኑ፦ በፊልሙ ውስጥ ማንም ልጅ የሚሄድ ውሃ ውስጥ አይገባም። በፍጥነት የሚወርድ ውሃ ጥልቀቱ 15 ሴንቲሜትር ብቻ ቢሆን እንኳ አዋቂን ሊጥል ይችላል፤ ደፍርሶ ሲመጣ ደግሞ ከሥሩ ጉድጓድ ይኑር አይኑር አይታይም። ልጅ ያየውን ይደግማል። ስለዚህ የእኛ ልጆች ካርታ ይሥላሉ፣ ቤት ለቤት ይዞራሉ፣ ይለምናሉ፣ ሃይላንድ ለይተው በኬሻ ይሞላሉ። ደረቁን ቱቦ የሚቆፍሩት አዋቂዎች ናቸው፤ ውስጡ መርፌና ጠርሙስ አለና።

ታሪኩን በሳጥን

ሁለት ደቂቃ ተኩል 150 ሰከንድ ነው። አንዱ ትዕይንት በአማካይ ስድስት ሰከንድ ቢወስድ 25 ትዕይንት ይሆናል። 25 ሳጥን በወረቀት ላይ አስምሩ፤ በየሳጥኑ ቀለል ያለ ስዕል፣ ከሥሩ የሚባለው ቃልና ሰከንዱ ይጻፍ። ከዚያ በሥራው ያልነበረ አንድ ልጅ ጥሩና ስዕሉን ብቻ አሳዩት። «ይቺ ማናት?» ያለበት ሳጥን እንደገና ይሣላል።

ድምፅ ከስዕል ይቀድማል

ድምፁን መጀመሪያ ቅዱ። አፍ የሚንቀሳቀሰው ድምፁን ተከትሎ ነው፤ በተቃራኒው ከሄዳችሁ ልጁ ስዕሉን ለማሳደድ ሲል እንደ ንባብ ይናገራል። ጠባብ ክፍል ምረጡ፣ ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስና ጋቢ ስቀሉ፤ ማስተጋባቱን ይውጠዋል። ስልኩን ከአፉ አንድ ስንዝር ተኩል አርቁት፣ ፊት ለፊት ሳይሆን ትንሽ ወደ ጎን፤ አለዚያ «ፕ»ና «ጵ» ሲወጡ ትንፋሹ ይመታዋል። አያቶችን በአያቶች አስነግሩ። የዳኛውን ቃል አንድ ልጅ ድምፁን አጎርንኖ ቢሞክረውም፣ አንድ አባት ሲናገሩት ሌላ ሆነ።

አዛን፣ የቤተ ክርስቲያን ደወል፣ የዶሮ ጩኸት፣ የባጃጅ ጥሩምባ ንግግር ስትቀዱ ከገቡ አቁሙ። ግን ለብቻቸው ደግሞ ቅዷቸው፤ የሰፈሩ ድምፅ እነሱ ናቸው፣ ኋላ ከሥር ይነጠፋሉ።

ሰዎቹን መቁረጥ

ሎተ ራይኒገር የተባለች ጀርመናዊት እ.ኤ.አ. በ1926 ለዕይታ ያበቃችው ረጅም አኒሜሽን የተሠራው ከጥቁር ካርቶንና ከስስ የእርሳስ ብረት ተቆርጠው መገጣጠሚያቸው በሽቦ በታሰረ ቅርጾች ነበር። ሦስት ዓመት ፈጅቶባታል። የእኛም ዘዴ ያው ነው፤ በቀለም ብቻ ይለያል።

ለሰዎቹ ቀጭን ካርቶን፣ ለቤቶቹና ለመሬቱ የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ተጠቀሙ። የከረጢቱ ቡናማ ቀለም ለጭቃ ግድግዳ የተፈጠረ ይመስላል፤ ብቻ ከቤት ውጭ በደንብ አራግፉት፣ አቧራው ለልጅ ሳንባ አይሆንም። አንድ ልጅ 12 ሴንቲሜትር፣ አዋቂ 15 ይሁን። ራስ፣ አካል፣ ሁለት ክንድ፣ ሁለት እግር ለየብቻ ይቆረጣሉ። መገጣጠሚያውን በመርፌ ቀዳችሁ ወፍራም ክር አሳልፉበትና በሁለቱም ወገን ቋጠሩት። ቋጠሮው ሲነኩት የሚሄድ፣ ሲለቁት የሚቆም መሆን አለበት፤ ከላላ ክንዱ ይወድቃል፣ ከጠበቀ ሰውየው ሁሉ ይጎተታል። ምላጭ የሚይዘው አዋቂ ብቻ ነው።

አፍ ላይ ብዙ ሰው ይፈራል፤ ለእኛ ግን የፊደል ገበታው ሥራውን ጨርሶልናል። አራት አፍ ይበቃል። ራብዕ (ኣ፣ ላ፣ ማ) ሰፊ አፍ ነው። ካዕብና ሳብዕ (ኡ፣ ኦ) ክብ አፍ። ሳልስና ኃምስ (ኢ፣ ኤ) ጠፍጣፋ አፍ፤ ግዕዝና ሳድስም በዚሁ ይሸፈናሉ። አራተኛው የተዘጋ አፍ ሲሆን ለ«ም»፣ ለ«ብ»፣ ለ«ፕ» ነው፤ ከንፈር የሚገጥምባቸው ናቸውና እነዚህን አትዝለሉ። ዓይን የሚይዘው የከንፈሩን መግጠም ነው፣ ሌላው ትንሽ ቢሳሳትም ይታለፋል። ልጆቹ የጦይባን ዓረፍተ ነገር ፊደል በፊደል ጽፈው ከየፊደሉ ሥር የአፉን ቁጥር አደረጉ፦ «ሰው ሳይሞት»፤ ጠፍጣፋ፣ ክብ፣ ሰፊ፣ ጠፍጣፋ፣ ተዘግቶ ክብ፣ ጠፍጣፋ። («ው» ሳድስ ቢሆንም ከንፈር ስለሚያሾል ክብ ሰጠነው።) ትንሿ ተማሪያችን ካዕብና ሳብዕን ያወቀችው በዚህ ነው።

አፎቹን በቀጭኑ ቆርጣችሁ በእርጥብ ኮላ ሳይሆን በትንሽ ማስቲካ መሰል የሰም ቁራጭ ለጥፏቸው፤ የሻማ ሰም በጣት ሲለሰልስ ይይዛል፣ ሲፈልጉትም ይለቃል።

የቀረጻው ጠረጴዛ

ሁለት ዱካ ግራና ቀኝ አስቀምጡ፣ በላያቸው የስልኩ ካሜራ የሚያይበት ቀዳዳ ያለው ጣውላ አጋድሙ፣ ስልኩን ስክሪኑን ወደ ላይ፣ ካሜራውን ወደ ቀዳዳው አድርጋችሁ አስተኙት። ከወረቀቱ ያለው ርቀት ከ35 እስከ 45 ሴንቲሜትር ይሁን። ከሥሩ 40 በ22.5 ሴንቲሜትር ክፈፍ አስምሩ፤ ይህ የቴሌቪዥን ስክሪን ልክ ነው። የዱካዎቹን እግርና የወረቀቱን አራት ጥግ በፕላስተር ከመሬቱና ከጠረጴዛው ጋር አጣብቁ።

መጋረጃውን ዝጉ። የመስኮት ብርሃን ደመና ባለፈ ቁጥር ይለወጣል፣ ፊልሙም ይብለጨለጫል። ሁለት ተመሳሳይ አምፖል ከግራና ከቀኝ፣ ከጎን አዘንብላችሁ አብሩ። ስልኩ ላይ ጣታችሁን ተጭናችሁ ብርሃኑንና ጥራቱን ቆልፉ። የሚያንቀሳቅሰው ልጅ ነጭ ልብስ አይልበስ፤ ነጭ ሸሚዝ ብርሃን መልሶ ወረቀቱ ላይ ይረጫል። ኤርፕሌን ሞድ አብሩ። ፎቶውን በስልኩ ሳይሆን በጆሮ ማዳመጫው የድምፅ ቁልፍ አንሱት፤ በብዙ ስልኮች ይሠራል፣ ስልኩም አይነቀነቅም። መብራት ከጠፋ በባትሪ አትቀጥሉ፤ ቀለሙ ይለያል። ያኔ ቡና ይፈላል።

ስቶፕ ሞሽን ስቱዲዮ የሚባለው አፕ ነፃው ዓይነት ይበቃል። የቀደመውን ፎቶ በስሱ ደርቦ ስለሚያሳይ ልጁ ምን ያህል እንዳንቀሳቀሰ ያያል።

ማንቀሳቀስ

ሲኒማ በሰከንድ 24 ምስል ነው። እኛ በሰከንድ 8 ሠራን፤ ትንሽ ይቆራረጣል፣ ግን የወረቀት ሰው ቢቆራረጥ ያምርበታል። 150 ሰከንድ በ8 ሲባዛ 1,200 ፎቶ ነው። አትደንግጡ፤ ሰው ሲናገር አካሉ ቆሞ አፉ ብቻ ይለወጣል፣ ዝም ሲል ደግሞ አንዱን ፎቶ ደጋግሞ ማስገባት ይቻላል። በእውነት የምታነሱት ከግማሹ ትንሽ ቢበልጥ ነው። በአንድ ቅዳሜ ከ60 እስከ 80 ፎቶ ካነሳችሁ ጥሩ ሠርታችኋል።

ስለ መራመድ፦ አንድ እርምጃ በአራት ፎቶ ይጨረስ። እግሮች ሲራራቁ አካሉ ሁለት ሚሊ ሜትር ዝቅ፣ ሲተላለፉ ከፍ ይበል። ይህን ካልሠራችሁ ሰውየው በበረዶ ላይ ይንሸራተታል። ማንኛውም ነገር ሲነሳ በትንሽ ይጀምር፣ መሃል ላይ ይፍጠን፣ ሲቆም በትንሹ ይቁም። ልጆቹን አስነስታችሁ ራሳቸው በዝግታ እንዲራመዱ አድርጓቸው፤ ከገለጻ ሁሉ ይበልጣል።

አሁን ወደ ውሃው። ልጅ ውሃ ሣል ሲባል ሰማያዊ ይሥላል። በበልግ ዝናብ ከበረንዳ ሆነው እንዲያዩ አድርጉ፤ የእኛ ጎርፍ ቡናማ ነው። ቀለሙን ከየት እናምጣ ስንል አንዲት እናት የጀበናውን አተላ ሰጡን። ወረቀት በቡና አተላ ተነክሮ ሲደርቅ የቦርከናን የክረምት ቀለም ይይዛል፤ አንዴ ከተነከረው ቀላል፣ ሁለቴ ከተነከረው ጠቆር ይላል። ወረቀቱን በመቀስ ሳይሆን በእጅ በረጅሙ ቅደዱት፤ የተቀደደው ጠርዝ አረፋ ይመስላል። ሦስት ንብርብር ሥሩ። በየፎቶው የፊተኛው ሁለት ሴንቲሜትር፣ የመሃሉ አንድ፣ የኋለኛው ግማሽ ይሂድ። ፍጥነታቸው ስለሚለያይ ውሃው ይከብዳል፣ ያስፈራልም። በላዩ ከእውነተኛ ሃይላንድ የተቆረጡ ጥቃቅን ጠርሙሶችን አንሳፉ።

ዝናቡ ቀላል ነው፦ ሦስት የደብተር ላስቲክ መሸፈኛ ላይ በነጭ ቀለም ሰያፍ መስመሮች ሳሉና ከስዕሉ በላይ እያፈራረቁ አንጥፉ። ላስቲኩ ካንጸባረቀ አምፖሎቹን ይበልጥ ወደ ጎን አውርዷቸው።

አንድ ትዕይንት ላይ ሙሉ ቅዳሜ አውሉ፦ ቱቦው ተከፍቶ ውሃው የሚወርድበት። ከሰማይ መጥቶ የሚጠፋ ውሃ መሆን የለበትም። ሰው ያየውን ቆሻሻ ሲወጣ ማየት አለበት፣ ከዚያ ውሃው ትንሽ ሲንቀሳቀስ፣ ሲፈጥን፣ የበሩ ደፍ ከሥሩ ብቅ ሲል። ሦስት ሰከንድ፣ 24 ፎቶ፣ ሳይቆረጥ። ታዳሚው ሰፈሩ መዳኑን የሚያምነው በነዚህ 24 ፎቶዎች ነው። ከሥሩም ውሃው ወደ ታች ሲሄድ አሳዩ፤ የታች ሰፈር ልጆች ኬሻ ይዘው ሲጠብቁ። የራስን ቆሻሻ ወደ ታች መልቀቅ ማዳን አይደለም፣ ልጆቹም ያንን ያውቃሉ።

ልጅ ጠረጴዛውን ይመታል፤ የማይቀር ነው። አትጩኹ። ትዕይንቱን እዚያ ላይ ጨርሱና ቀጣዩን ከሌላ ማዕዘን ጀምሩ፤ ሲታይ የታሰበበት ይመስላል። ፎቶዎቹን ግን በየቅዳሜው ወደ ፍላሽ ወይም ኮምፒውተር ገልብጡ። አንዱ ፎቶ 3 ሜጋባይት ቢሆን 1,200ው 3.6 ጊጋባይት ነው። በመጀመሪያው ፊልማችን ሳልገለብጥ ቀርቼ የሦስት ቅዳሜ ሥራ ከወደቀ ስልክ ጋር ጠፋ። የልጆቹ ፊት እስከ ዛሬ ይታየኛል።

ማቀናበሩ

ካፕካት ይበቃል። ድምፁን መጀመሪያ ደርድሩ፣ ፎቶዎቹን በእሱ ላይ ልኩ፣ የሰፈሩን ድምፅ ከሥር አንጥፉ። የሚያልፉ ማጣፈጫዎችን፣ የሚሽከረከሩ መሸጋገሪያዎችን ተዉ። ሙዚቃ ከዩቲዩብ አትውሰዱ፤ ባለቤት አለው። ሰፈር ውስጥ ክራር የሚመታ አይጠፋም። አምባሰልም ባቲም ስማቸው ከዚሁ ከወሎ የመጣ ቅኝቶች ናቸው፤ ጎርፉ ላይ አምባሰል በዝግታ፣ ኬሻው ሲሞላ ባቲ ከልጆቹ ጭብጨባ ጋር አድርገን ነበር፤ ደስ ብሎን ሰማነው።

ለሰፈሩ ማሳየት

የቅሬውን ድንኳን ለምኑ። ነጭ አንሶላ ወጥራችሁ ፕሮጀክተር ተዋሱ፤ ካጣችሁ የአንድ ቤት ቴሌቪዥን በረንዳ ላይ ይውጣ። ሰዓቱ ከመግሪብ በኋላ ይሁን። የላይ ሰፈርንም፣ የታች ሰፈርንም ጥሩ፤ ጥሪውን ልጆቹ ራሳቸው ቤት ለቤት ያድርሱ። ሁለት ጊዜ አሳዩ። የመጀመሪያውን ሰው የራሱን በር እየፈለገ ስለሚያየው ታሪኩን አይሰማም።

ሲያልቅ ንግግር አታድርጉ። ልጆቹ የሣሉትን የቱቦ ካርታ አንሶላው ላይ ይስቀሉና አንዷ ዳኛውን ቀን ትጠይቃቸው። እኛ ጋ ድንኳኑ ውስጥ እዚያው ቅዳሜ ተቆረጠ፣ አካፋውም ወጣ።

በቁፋሮው ቀን ልጆቹ ከዳር ሆነው ሃይላንድ ይለዩ። አንዱ ስልኩን ይዞ በመጀመሪያው ቅዳሜ ምልክት ወዳደረጋችሁበት ድንጋይ ይሂድ፣ በዚያው ላይ ቆሞ ያንኑ ቦታ ያንሳ። ሐምሌ ላይ ከባድ ዝናብ ሲጥል ደግሞ አንድ አዋቂ ከቅርብ በረንዳ ሆኖ ለሦስተኛ ጊዜ ያንሳው። ሦስቱን ፎቶዎች በፊልሙ መጨረሻ፣ ከሠሪዎቹ ስም ዝርዝር በፊት አስገቡ። ውሃው አሁንም የቆመበት ቦታ ካለ አትደብቁት፤ ፎቶው ላይ በጣት አሳዩት፣ የሚመጣው ጥር ላይ ልጆቹ ከዚያ ይጀምራሉ። አሻንጉሊቶቹን በወፍራም መጽሐፍ መሃል አስገብታችሁ ከወለል ከፍ ያለ ቦታ አስቀምጡ፤ የክረምት እርጥበት ካርቶን ያጣምማል፣ ጦይባና ተመስገን ደግሞ ገና ሥራ አለባቸው።